ካፖርት የለበሰው ባሕር ዛፍ

ውድ ልጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ በስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ልማዱ ያጉረመርማል። ስለ ጤና ይህ ይበቃል። ለዓመታት በሆዴ ይዤው የኖርኩትን ነገር ልነግርሽ ነውና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ትሠሪበት ከነበረው ችግኝ ጣቢያ ሦስት ዓይነት ባሕር ዛፍ ይዘሽ የመጣሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ። ሦስቱም ብርድ ይችላሉ የተባሉ ናቸው፤ የትኛው በእውነት እንደሚችል ግን ጣቢያው ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ጓሯችን ውስጥ አራርቀሽ ተከልሻቸውና ጣትሽን ቀስረሽ አስጠነቀቅሽኝ።

«አባዬ፣ እንዳትነካቸው። ማዳበሪያ የለ፣ ድጋፍ የለ፣ ምንም የለ። ካልቻሉ ይሙቱ። እኔ የምፈልገው እሱን ማወቅ ነው።»

«እሺ» አልኩሽ። እሺ ማለት ከብዶኝ አያውቅም።

ውርጩ ሲጀምር ግን ሦስተኛው፣ በመስኮቴ ትይዩ ያለው፣ አላስቀምጥ አለኝ። ከሥራዬ ቀና ባልኩ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። አርባ ዓመት ሰው ሳለብስ የኖርኩ ነኝ፤ ራቁቱን ብርድ ላይ የቆመ ነገር እያየሁ የሰው ሱሪ መተኮስ አልሆነልኝም። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ወጣሁና ልኩን ወሰድኩ። አንድ ደንበኛ አሰፍቶ ሳይወስደው የቀረ ግራጫ ካፖርት ነበር። እሱን ፈትቼ ከነገበሩ ሰፋሁለት፤ ከታች በገመድ የሚታሰር፣ በጎን በአራት ቁልፍ የሚዘጋ። ጨርቁ ለሦስቱም አልበቃም። ሁለቱ ሞቱ።

አመሻሽ ላይ አለብሰዋለሁ፣ ፀሐይ ስትወጣ አወልቅለታለሁ። እሁድ እሁድ አንቺ ስትመጪ ካፖርቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። በሳምንቱ መሃል ደግሞ ትደውያለሽ።

«አባዬ፣ ሦስተኛው አለ?»

«አለ።»

አልዋሸሁም፤ ለብሷል ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ይህን ቀልድ ለራሴ ስነግረው ከርሜያለሁ፤ አሁን አያስቀኝም። በሁለተኛው ዓመት ቁመቱ በለጠኝ። ስፌቱን ፈትቼ ቀጠልኩበትና በርጩማ ላይ ቆሜ አለበስኩት።

አንቺ ባየሽው አመንሽ። ሦስተኛው ዓይነት ውርጭ ይችላል ብለሽ ጻፍሽ፤ ጣቢያው ያንኑ ዓይነት ችግኝ አፈላ፤ ዳገቱ ላይ ላለው ሰፈር ለየቤቱ ታደለ። በመጀመሪያው ውርጭ አንድም ሳይቀር ጠቆረ። ሰዎቹ የደረቀ ችግኛቸውን ይዘው ቢሮሽ በር ላይ ሲሰለፉ፣ አለቃሽ «ሳታዪ ነው የጻፍሽው» አለችሽ።

ያን ዕለት መጥተሽ ቦርሳሽን ሳታወርጂ ደንበኞቼ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጥሽ። «በዓይኔ ነው ያየሁት፣ አባዬ» አልሽ። ቀጥለሽ ደግሞ፣ «ከእንግዲህ ግን ዓይኔን አላምነውም» አልሽ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩና «ሻይ ላፍላልሽ?» አልኩ። ሥራሽን ለቀሽ ከተማ ስትቀይሪም ሻንጣሽን እስከ አውቶቡሱ የተሸከምኩት እኔው ነኝ። ፈሪ ነበርኩ። የሚሻል ቃል ፈልጌ አጣሁለት።

ዘንድሮ መሳቢያሽ ውስጥ ከሦስተኛው ዓይነት የተረፈ ዘር አገኘሁ። ሦስት ችግኝ አፍልቼ እዚያው መስኮቴ ፊት ተከልኳቸው። ምንም አላለበስኩም። በየጠዋቱ እንዳንቺ በደብተር ጻፍኩ። «አንደኛ ቀን፣ ቆመዋል። አምስተኛ ቀን፣ ጫፋቸው ጠቁሯል።» በስድስተኛው ቀን ካፖርቱን አውጥቼ በሩ ድረስ ደርሼ ነበር፤ ተመለስኩ። «ዘጠነኛ ቀን፣ ሦስቱም ሞተዋል።»

ደብተሩንም ካፖርቱንም ይዤ አለቃሽ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት። ካፖርቱን አገላብጣ አየችው።

«የቁልፉን ቀዳዳ በእጅዎ ነው የሠሩት?»

«በእጄ ነው።»

«ለዛፍ?»

«ለዛፍ።»

ሳቋን ለመያዝ ታገለች፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ልጅዎ ይህን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እኔ ሳታዪ ያልኳትን ቃሌን አነሳለሁ፤ በጽሑፍም አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ግን ከእርስዎ ትስማው» አለችኝ።

ይኸው ከእኔ ሰማሽ። ደብተሩን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ለፈለግሽው ሰው አሳዪው፣ ስሜንም አትደብቂ። ወደ ሥራሽ መመለስ አለመመለስ ያንቺ ጉዳይ ነው፤ በዚህ እጄን አላስገባም። እኔ የምልሽ አንድ ነገር ነው፤ ዓይንሽ አልበደለሽም፣ የበደልኩሽ እኔ ነኝ።

እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ። በስልክ ግን አይሆንም። መጥተሽ ተቆጪኝ።

አባትሽ፣ ልብስ ሰፊው