ወይራ የታጠነው ቅል

ውድ ባለቤቴ ተሰማ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ዓመት ሞላ። ተዝካርህን ባለፈው እሑድ አወጣሁ፤ የተዋስሁትን ዕቃ ሁሉ ለየባለቤቱ መልሼ ዛሬ ገና መቀመጤ ነው። በሕይወት ሳለህ አንቱ ስልህ ኖሬ አሁን አንተ ማለቴን ከድፍረት አትቁጠርብኝ፤ ልቤ ድሮም እንዲህ ነበር የሚጠራህ። ፊደል ማወቄም ይገርምህ ይሆናል። የልጃችንን የጥሩነሽን የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ፣ እንዶድ ስወቅጥ አንዳንድ መስመር እያየሁ፣ ሳላፍርም እየጠየቅሁ ዳዊት ደረስሁ።

ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል። ዝናብ ሲመጣ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ቢጠራኝ እንኳ አልሰማም። ጥሩነሽ አግብታ ጊዮርጊስ አጠገብ ትኖራለች። ልጠይቃት ስወጣ አውቶሞቢል ጭቃ ይረጨኛል፤ አንተ ብትኖር ባለቤቱን ሳታስወርደው አትቀርም ነበር።

አደን ስትወርድ አውሬ እንዳያሸትህ ለአንተ ብቻ እሠራው የነበረውን ሽታ ማጥፊያ አልተውሁትም። ዛሬ ወደ ቆላ የሚወርዱ አዳኞች ልብሳቸውን ለእኔ ሳይሰጡ አይነሡም። እንዶዱን ወቅጬ በውሃ አሳድረዋለሁ። የግራር አመድ ነፍቼ በጥብጬ ካጠለልሁ በኋላ ጥሩውን ውሃ ከእንዶዱ ጋር እቀላቅላለሁ። የጥድ አመድ አይሆንም፣ የባሕር ዛፍም አይሆንም፤ ሁለቱም የራሳቸውን ሽታ ይተዋሉ። ልብሱን በዚያ አጥቤ፣ ወንዝ ወርጄ ደጋግሜ አለቅልቄ፣ የማድቤት ጢስ በማይደርስበት ነፋስ ላይ አሰጣለሁ። የቀረውን ውሃ አዳኙ አንገቱንና ጫማውን እንዲቀባው ይዞት ይሄዳል። መሥራቱን ሳላረጋግጥ አልሰጥም። የታጠበውን ልብስ የጎረቤታችን ውሻ ከተኛበት በላይ እሰቅለዋለሁ። ነፋሱ ወደ እሱ እየነፈሰ ውሻው ቀና ካላለ ልብሱ ጸዳ ማለት ነው። ያ ውሻ እንኳን ለሰው፣ ለጥላውም የሚጮኽ ነው።

አሁን ውሃውን የምሰጠው ባልታጠነ አዲስ ቅል ነው። ምክንያቱን ሳልነግርህ ሞትህ።

ቆላ ወርደህ ጎሽ እግርህን የሰበረበትን ጉዞ ታስታውሳለህ። ልትሄድ ስትል ያን ሽታ ማጥፊያ ውሃ የምትይዝበት ቅልህን ተሰንጥቆ አገኘሁት። ስለ ቸኮልህ የወተቱን ቅል አንሥቼ፣ ለአንተ ነውና ይበልጥ ይጽዳ ብዬ፣ አጥቤ በወይራ አጠንሁትና ውሃውን ሞላሁበት። ከእናቴ ቤት የተማርሁት ሙያ ይኸው ነው፤ ያልታጠነ ዕቃ ለእኔ ያልጸዳ ዕቃ ነበር። የሰውን ሽታ ልታጠፋ የወረድኸው ሰውዬ የማድቤቴን ሽታ አንገትህ ላይ ተቀብተህ ሄድህ።

በቃሬዛ ተሸክመው ባመጡህ ማግስት ቅሉን ከፈትሁት። ወይራው አፍንጫዬን መታኝ፤ ጎሹ ይህን አሽትቶ እንደ ደረሰብህ ያኔውኑ ገባኝ። አንተ ግን መደቡ ላይ ሆነህ መሪህን በዳሳን ትረግም ነበር። ነፋስ አያውቅም፣ አውሬው ከኋላዬ በሚመጣበት አስቀመጠኝ ትል ነበር። መጀመሪያ ሕመምህ ይቅለል ብዬ ዝም አልሁ። ከዚያ ምርኩዝ ይዘህ ስትወጣ አየሁና ዝም አልሁ። ኋላማ ዝምታው ራሱ የቤታችን ዕቃ ሆነ። በዳሳን ከዚያ ወዲህ መሪ አድርጎ የወሰደው አዳኝ የለም። ያ ከአንተ ጋር አንድ በርኖስ ለብሶ ያደረ ሰው፣ አራዳ ገበያ የጭነት ገመድ ይሸጣል።

ለተዝካርህ ልጠራው ሄድሁ። ገመዱ መካከል ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርሁት። በዳሳ የያዘውን ገመድ ገምዶ እስኪጨርስ አላየኝም። ከዚያ፣ እመቤቴ፣ እሳቸውን ያስቀመጥሁበትን ቦታ እኔ አውቀዋለሁ አለኝ። በሸለቆ ውስጥ ነፋስ እንደሚዞር አውቆ፣ የእኔን ውሃ አምኖ ነበር ያስቀመጠህ። ለእኔ የነገሩኝ አይጠቅመኝም፣ ለማያውቁት ይንገሩ አለኝ። እውነቱን ነው።

እሑድ ካህናቱ አሳርገው ሲነሡ አዳኞቹ ዳሱ ውስጥ ነበሩ። ሁሉም ልብሳቸውን የሚሰጡኝ ናቸው። ቅሉን ይዤ መካከላቸው ቆምሁ፤ እንዳንተ አባባል ድምፄ ከጓዳ የማያልፍ ሴት፣ ዳሱ ጥግ ድረስ ተሰማሁ። ነፋሱ አልበደለም፣ በዳሳም አልበደለም፣ እኔ ነኝ አልሁ። አንዱ ማክሰኞ መጥቶ ያልታጠበ ልብሱን ወስዷል፤ አልከፋኝም። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ አዳኝ ግን እዚያው ዳሱ ውስጥ ተነሥቶ በዳሳ አጠገብ ተቀመጠና፣ ከመስቀል በኋላ ወደ ግቤ ስወርድ ትመራኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። በዳሳ ወደ እኔ ዞሮ፣ ቅሉን ካየሁ በኋላ አለ። ሳቁ። ቀሚሴን ጨብጬ እኔም ሳቅሁ።

የበዳሳን ልብስ ዛሬ ጠዋት አጥቤያለሁ። ይህን ስጽፍልህ ውሻው ከሥሩ ተኝቷል፤ ቀና አላለም።

በሰው ፊት ያዋረድሁህ እንዳይመስልህ። በሐሰት የተቀየምኸውን ባልንጀራህን ነው የመለስሁልህ። ስምህን በየዓመቱ አስጠራለሁ። ሳስታውስህም ምርኩዝህን ሳልደብቅ፣ ቁጣህን ሳላለዝብ፣ የእኔንም ጥፋት ሳልሸሽግ፣ እንደ ነበርህ አስታውስሃለሁ።

ቅሉን አልጣልሁትም። ትናንት እንደገና በወይራ አጥኜ ወተት አደረግሁበት።

ባለቤትህ