ዴልፊንን ሆነው ወደ ባሕር ስለዘለሉት ሚስተር ራስሙሰን

ዋትስ ሰፈር፣ ሎስ አንጀለስ
ሰኞ፣ ኦክቶበር 7 ቀን 1974

ለክቡር ሚስተር ክላይተን ሃርግሮቭ፣
«የዴልፊን በቀል» ለተሰኘው ፊልም አዘጋጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የቀኝ እጅዎ ጣቶች ደህና ናቸው? ስለ ጣቶችዎ የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእርስዎ አንዲት ፊርማ ስጠብቅ አምስት ወር ሞልቶኛል፤ ጸሐፊዎ ወይዘሪት ፕሪም በደወልኩ ቁጥር «አሁን አይመቻቸውም» ስለሚሉኝ፣ አያድርገውና እጅዎን ምን አገኘው እያልኩ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤ እንኳ የምጽፈው እየተነሳሁና እየተቀመጥኩ ነውና ለጽሕፈቱ መወላገድ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ኤርሊን ጋዲስ እባላለሁ። በሰፈራችን የወጣቶች ማእከል ጂምናስቲክ አስተምራለሁ። በተዋናይት ፈንታ ከጣሪያ መዝለል፣ ከደረጃ መንከባለልና ከሚሄድ መኪና መውደቅ ደግሞ ሙያዬ ነው። ሙያዬ ነው ስል፣ የፊልም ሠራተኞች ማኅበርን ካርድ ካገኘሁ ሙያዬ ይሆናል ማለቴ ነው። ካርድ የሌለው ሰው አይቀጠርም፤ ተቀጥሮ አንድ ቀን መሥራቱን አዘጋጁ በፊርማው ያላረጋገጠለት ሰው ደግሞ ካርድ አይሰጠውም። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው በልጅነቱ ብዙ የተገረፈ ይመስለኛል። የዘንድሮው ምዝገባ የሚዘጋው በዚህ ዓርብ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ በሜይ ወር ወደ ሳን ፔድሮ ወደብ በማለዳ ስላስጠሩኝ አመሰግናለሁ። «ለዝላዩ ትፈለጊያለሽ» ተብዬ ስለነበር እናቴ የተጠበሰ አሳና የበቆሎ ገንፎ አብልታ፣ ጭንቅላቴ ላይ እጇን ጭና ጸልያልኝ ነው የወጣሁት። ስደርስ ወንበር ላይ ካርድ ያላቸው ነጩ ዘላይ ሚስተር ራስሙሰን ተቀምጠዋል፤ አፍሮ ዊግ አጥልቀው፣ የዴልፊንን ቀሚስ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ ስፖንጅ ጠቅጥቀው። የሜካፕ ባለሙያዋ ሚስስ ላንግ ቡናማውን ቀለም እየበጠበጡ «የኔ ቆንጆ፣ እስኪ ክንድሽን ከጉንጫቸው ጎን አድርጊው። አዎ፣ እንደሱ፤ እንዳትነቃነቂ» አሉኝ። ለካስ የተፈለግሁት ለቀለም ናሙና ኖሯል። ክንዴን ዘርግቼ አንድ ሰዓት ቆምኩ። እናቴ ለዚህም ጭምር ጸልያ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሁለተኛ፦ ናሙናነቴ ሲያበቃ ወደ መምህርነት ስላሳደጉኝ አመሰግናለሁ። ዳይሬክተርዎ «አንቺ ልጅ፣ እናንተ ሴቶች እንዴት እንደምትሮጡ አሳዪው እስኪ» አለኝ። አሳየሁ። ሚስተር ራስሙሰን ከኋላዬ ሲከተሉ፣ እግራቸው ወደ ውሃው፣ ዳሌያቸው ወደ ቤታቸው ይሄድ ነበር። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ላብ በላብ ሆነው «ጫማው ነው እህቴ» ሲሉኝ አሳዘኑኝ። እኔ ግን እንደዚያ ባለ ባለ ተረከዝ ጫማ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ዝላዩ። ፊልሙን ያዩ ሁሉ እንደሚያውቁት፣ ዴልፊን እህቷን በመርፌ መርዝ የገደለባትን ሰው እያሳደደች ከመጋዘኑ ጣሪያ ወደ ባሕሩ ትዘላለች። ሚስተር ራስሙሰን ዘለሉ፤ ጥሩ ነው የዘለሉት። ሲወጡ ግን ጨዋማው ውሃ የሚስስ ላንግን ልፋት ሁሉ አጥቦ፣ ከአገጫቸው በላይ ነጭ፣ ከአገጫቸው በታች ዝንጉርጉር ሆነው ብቅ አሉ፤ ዊጉም ለብቻው ወደ ጃፓን ጉዞ ጀመረ። እንደገና ተቀቡ፣ እንደገና ዘለሉ፣ እንደገና ነጡ። ዴልፊንን የምትጫወተው ኮሪን ባፕቲስት ብርድ ልብስ ተከናንባ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። «ጠዋት ሙሉ ‹በዚህ ሰፈር ሕግ የለም፣ ሕጉ እኔ ነኝ› ስል ዋልኩ፤ ይኸው ሕጉ ዊጉ ወለቀ» ብላ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቆይታ ደግሞ አለቀሰች። በሦስተኛው ዝላይ የሚስተር ራስሙሰን አንገት ወለም አለ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ አንድ ጣት ቀርቷታል። ዳይሬክተርዎ ዞር ዞር ብሎ አየና «ማነሽ አንቺ፣ ቀሚሱ ይሆንሻል?» አለኝ።

ሆነኝ። አንድ ጊዜ ዘለልኩ። «በቃ፣ ያዝነው» ተባለ። ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።

አራተኛ፦ በዕለቱ የሥራ መዝገብ ላይ «ዝላይ፦ ራስሙሰን» ብለው ስላስጻፉ። ካርድ የሌላትን ሴት ማሠራት እንደሚያስቀጣዎ አውቃለሁ፤ እኔም እንዲቀጡ አልፈልግም። ግን ካርዱን ያጣሁት ስላልፈረሙ ነው፤ ያልፈረሙት ደግሞ ካርድ ስለሌለኝ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አምስተኛውን በቁጥር ማሰር አቃተኝና እንዲሁ ልንገርዎ።

ፊልሙ ባለፈው ወር ሰፈራችን ሲኒማ ገባ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሴቶቹ ከነባርኔጣቸው ሄድን። እኛ ሰፈር ፊልም በዝምታ አይታይም፤ «ከኋላሽ ነው!»፣ «ሽጉጡን አንሺው እህቴ!» እየተባለ ነው። ዘንድሮ እንዲህ ያሉ በቀለኛ ሴቶችን በየፊልሙ አይተናል፤ ታሪካቸው አንድ ዓይነት መሆኑንም አላጣነውም። ግን ከእኛ መካከል ፖሊስ ጠርታ እስኪነጋ መስኮት ላይ ያልቆመች ሴት የለችም። ለሁለት ሰዓት ያህል አንዲት የእኛ ሴት ራሷ ተነስታ ስትሄድ ማየት አንጀት ያርሳል። ያን ሁሉ ያውቁታል፤ የሚሸጡትም እሱን ነው።

ዴልፊን ከውሃው ወጥታ ፊቷን በሁለት መዳፏ ስትጠርግ አዳራሹ ጸጥ አለ። ጥረጊ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ጨው ዓይኔ ገብቶ ነው። ከኋላችን የመዘምራን መሪያችን እህት ኦላሜ «ኧረ ይቺ የሎቲ ልጅ ናት! አጠራረጓ ቁርጥ እናቷን» አሉ። እናቴ ዞር ሳትል «ታዲያ የማን ልትሆን ነበር? ዝም ብላችሁ እዩ» አለቻቸው።

ከዚያ የሠራተኞቹ ስም በተራ መውጣት ጀመረ። እናቴ በጣቷ አየር ላይ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበች። መብራት በራ፤ ሰው ወጣ፤ ጠራጊው መጥረጊያውን ተደግፎ ጠበቀን። «ስምሽ አመለጠኝ መሰለኝ፤ መነጽሬ ነው። እስኪ የሚቀጥለውን ደግሞ እንየው» አለችኝ። ደግመን አየነው። ሁለተኛም ጊዜ መነጽሯን ነው የወቀሰችው፤ እኔም እውነቱን መናገር አልቻልኩም። ክቡር ሆይ፣ የተቆጣሁት ያን ጊዜ ነው።

እንደሚያስታውሱት ዴልፊን ሽጉጥ ያነሳችው ሦስት ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የሚሰማት ስታጣ ነው። እኔ ቢሮዎ አራት ጊዜ መጥቻለሁ። አይስጉ፤ ሽጉጥ የለኝም፤ ቢኖረኝም እናቴ ትቀማኛለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ማደሩ ሰልችቶኛል። ስለዚህ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለሰፈራችን ጋዜጣና ለማኅበሩ ልኬአለሁ። የምጠይቀው እስከ ዓርብ አንዲት መስመር ብቻ ነው፦ «ኤርሊን ጋዲስ ዘልላለች»፤ ከሥሯም ፊርማዎ።

ክንዷን ለጉንጭ፣ ሩጫዋን ለዳሌ፣ አጥንቷን ለውሃ ያበደረችዎ፣ ሁለተኛውን ክፍል ሊጀምሩ ነው ሲባል ሰምታም ለሚስተር ራስሙሰን አንገት ምሕረት የምትለምን ታዛዥዎ፣

ኤርሊን ጋዲስ

ማስታወሻ፦ ከደብዳቤው ጋር አንድ ነጭ ፎጣ ልኬልዎታለሁ። ዘላዩ እሳቸው ናቸው ካሉ፣ እባክዎ ሚስተር ራስሙሰንን እንደዚያን ቀን ያስቀቡልኝ፤ ውሃ ውስጥ ይንከሯቸው፤ ሲወጡም በፊልሙ ላይ እንደሚታየው ፊታቸውን ይጥረጉበት። ፎጣው ነጭ እንደሆነ ከተመለሰ ዳግመኛ አልጽፍልዎትም። ቡናማ ሆኖ ከተመለሰ ግን እንዳያሳጥቡት፤ ዓርብ ለማኅበሩ የማቀርበው እሱን ነው። ፎጣው የእናቴ ስለሆነ አይጣልብኝ። ዳሩ ላይ ስሜን በቀይ ክር ጠልፋዋለች፤ ሲፈርሙ ፊደሉ እንዳይሳሳትብዎ ከዚያ ይገልብጡት።