የምስጢር ቁጥር በድምፅ ማጉያ

ጥር ፲፭ ቀን ፳፻፩ ዓ.ም.
መተማ ዮሐንስ

ለተከበሩ አቶ አካለ ወልድ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበርና የኤች አይ ቪ መከላከያ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ጉሮሮዎ እንደምን ሰንብቷል? በኅዳሩ የኤድስ ቀን ሰሞን፣ በቅዳሜ ገበያ፣ በድምፅ ማጉያ ሲደክሙ ከዋሉ ወዲህ ስለ ጉሮሮዎ ሳልጸልይ የዋልኩበት ቀን የለም። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ለማሽላ አጨዳ ወደዚህ ቆላ የወረድኩ የቀን ሠራተኛ ስለሆንኩ፣ ለማዕረግዎ የሚመጥን ቃል ባጣ በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

፩ኛ/ የዘይትና የስንዴ ድጋፍ የሚሰጣቸው ወጣቶች ማንነት እንዳይታወቅ ኮሚቴዎ ለእያንዳንዳቸው የምስጢር ቁጥር ማውጣቱ ታላቅ ብልህነት ነው። ለእህቴ የደረሳት አሥራ አራት ነበር። ያን ቅዳሜ ቁጥሯን ሲጠሩ ሰው መሀል ተሸሽጋ ዝም ብትልዎ፣ ድጋፉ እንዳያመልጣት አዝነው ስሟን ከነአባቷ፣ የምትኖርበትንም ግቢ ጨምረው ሦስት ጊዜ ማሰማትዎን በስልክ እያለቀሰች ነግራኛለች። ስለ ርኅራኄዎ እጅ እነሳለሁ። ዘይቱን ተቀብላለች።

፪ኛ/ እህቴ የምትተዳደረው ሹሩባ በመሥራት እንደሆነ ያውቃሉ። ዘንድሮ ለጥምቀት አንዲትም ሴት ራሷን ልትሰጣት አልመጣችም፤ ጣቶቿ እንዲህ ያለ ዕረፍት ያገኙት በእርስዎ ነው። አከራይዋ እትዬ ጤናዬም ክፍሏ ለልጃቸው ሠርግ እንደምትፈለግ በትሕትና አስረድተው አስወጥተዋታል። ልጃቸው ሰባት ዓመቱ ነው።

፫ኛ/ የጤና ጣቢያው በር ከገበያው ፊት ለፊት ነው። እህቴ በዚያ በር ዳግመኛ መታየት አልሆንላት ብሎ ያለ መድኃኒት ከቆየች ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኗ ነው። እኔ እዚህ ማጭድ ይዤ ቀን እቆጥራለሁ። ማንም በማያውቃት በደብረ ማርቆስ መድኃኒቱን እንድትቀጥል ነርሷ ፈቅዳለች፤ እዚያ ቤት ለመከራየት የቀራት የእርስዎ መሸኛ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ብታመለክት ግን፣ ለወጣቶች አርአያ ትሆን ዘንድ በመጪው ቅዳሜ ገበያ መሀል ቆማ ስትመሰክር መሸኛውን በአደባባይ እንደሚያስረክቧት ገልጸውላታል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከሞት ጋር ቀጠሮ ይዛ ሳለ ለጭብጨባው መጨነቅዎ ከሌላው ሹም ሁሉ ይለይዎታል።

በታላቅ አክብሮት የምለምንዎ አንድ ፊርማና አንድ ማኅተም ነው። ሁለቱም ድምፅ የላቸውም፤ ለእርስዎ እንደሚከብድ አይጠፋኝም።

ከወንበርዎ ሥር ዝቅ ብዬ፣ ጉሮሮዎን ፈጣሪ እንዲያሳርፍልን እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

ይስማው
የምስጢር ቁጥር አሥራ አራት ታላቅ ወንድም

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለቅዳሜ ገበያተኛ በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት እኔም እዚህ ተመርምሬያለሁ። ወረፋው ላይ ከከተማችን የመጡ አምስት ወጣቶች አገኘሁ፤ የአንዳንዶቹ አባቶች ከእርስዎ ጎን በኮሚቴው ወንበር ይቀመጣሉ። ማን ማን እንደነበሩ፣ ምን ዓይነት ወረቀትም ይዘው እንደወጡ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ጽፌ ስማቸውን ሳልጽፍ ጨረስኩ። በአራተኛ ክፍል ትምህርት እንኳ የሚቻል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።