ከውይይቱ በፊት ስለደረቀው የምስጋና ባነር፦ ለክቡር ከንቲባችን

ለክቡር የከተማችን ከንቲባ፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረ ጤንነትዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ? ባለፈው ወር የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካው የማስፋፊያ መሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይታክቱ ሲያጨበጭቡ ስላየሁዎት፣ በተለይ የመዳፍዎ ነገር አሳስቦኝ ሰንብቷል። ወዲህ ግን በየስብሰባው ሲፈርሙ እየታዩ ስለሆነ፣ ቢያንስ ቀኝ እጅዎ ደኅና መሆኑን ተረድቼ ተመስገን ብያለሁ።

እኔ በዚህች ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ታፔላና ባነር ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። በቢሮዎ በር ላይ «ሳያንኳኩ መግባት ክልክል ነው» የሚለው የእኔ እጅ ነው። ከሱ ጎን «ቅሬታ ያለው ሁሉ በማንኛውም ሰዓት መግባት ይችላል» የሚለውም የእኔው ሲሆን፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ጽፌ በአንድ ቀን ነው ያስረከብኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያዘዘኝን ስጽፍ ኖሬ ማንም ሳያዘኝ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ድፍረት ቢያገኙበት ከልምድ ማነስ ነው ብለው እንዲያልፉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ጉዳዩን ክቡርነትዎ ያውቁታል። ለማያውቅ የጋዜጣ አንባቢ ግን ይህን ልበል፦ ከሰፈራችን ወደ ጤና ጣቢያው የምትወስድ፣ የፋብሪካውን ግንብ ታክካ የምታልፍ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ነበረችን። ፋብሪካው ለጭነት መኪናዎቹ መቆሚያ ፈለጋት። ደንቡ ነዋሪው ሳይመክርበት አይሰጥም ስለሚል ሕዝባዊ ውይይት ተጠራ፤ ነዋሪውም «በሙሉ ድምፅ» ተስማማ ተባለ። ባለፈው ሰኞ የብረት በር ተገጠመላት። ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋናዎችና ጥቂት ቅሬታዎች በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. ለፍጥነትዎ ያለኝን አድናቆት ስለመግለጽ።

ውይይቱ ሊካሄድ አምስት ቀን ሲቀረው የፋብሪካው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ወደ ሱቄ ብቅ ብላ አንድ ትልቅ ባነር አዘዘችኝ። ጽሑፉም «መተላለፊያው ለልማት እንዲውል በሙሉ ድምፅ ስለወሰናችሁ ከልብ እናመሰግናለን፤ የከተማው ምክር ቤት» የሚል ነበር። የትእዛዝ ወረቀቱ የፋብሪካው፣ ማኅተሙ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት እንዲህ ነው ብዬ፣ ለመሆኑ ምክር ቤቱ ጽሑፉን አይቶታል ወይ ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ብጠይቃት፣ «ያየዋል እንጂ፤ ሲሰቀል» ብላኝ ፈገግ ብላ ሄደች።

ኃላፊዋን አልወቅሳትም፤ ወንጀለኛው ቀለሙ ነው። የዘይት ቀለም ጨርቅ ላይ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ደመና ከሆነ ሦስትም ይሆናል። ስለዚህ ሊያመሰግን የፈለገ ሁሉ ቀደም ብሎ ማዘዝ አለበት። በዚህ ሙያ ሳለሁ ሩጫው ሳይጀመር የአሸናፊውን ስም ጽፌ አውቃለሁ፤ ጨረታው ሳይከፈት የተቋራጩን ታፔላ ያደረቅኩበትም ጊዜ አለ። የሕዝብ አፍ ሳይከፈት የሕዝብን ቃል ሳደርቅ ግን ይኸኛው የመጀመሪያዬ ነው፤ ለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ።

በማግስቱ ደግሞ ከራስዎ ቢሮ ሁለተኛው ትእዛዝ መጣ፦ «እንኳን ወደ ሕዝባዊ ውይይቱ በሰላም መጣችሁ፤ ሐሳባችሁ ሀብታችን ነው» የሚል። እሱንም ጻፍኩ።

2ኛ. ስለ ራሴ ጥፋት።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ የምከሰው እኔ ነኝ። እኔ ባነር ሳጥፍ ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጌ፣ በመካከሉ ጋዜጣ አንጥፌ ነው የማጥፈው። ከውጭ ምንም አይታይም። ስለዚህ ጥጉ ላይ በእርሳስ ቁጥር እጽፋለሁ፤ ቁጥሩም ሥራው በታዘዘበት ተራ ነው። ቀድሞ የታዘዘው ምስጋናው ነበርና 1 ቁጥር አገኘ። «እንኳን በሰላም መጣችሁ» የሚለው ደግሞ 2 ሆነ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስሠራ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ሸኝቶ የሚቀበል ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም።

የአዳራሹ ሠራተኛ ጠንቃቃ ሴት ናቸው። ጠዋት በማለዳ መሰላል ላይ ወጥተው 1 ቁጥሩን በመድረኩ ላይ አሳምረው ሰቀሉና፣ 2 ቁጥሩን ለማጠቃለያው ብለው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ጤነኛ ሰው አንድን ከሁለት በፊት ነው የሚሰቅለው፤ እሳቸውን የሚወቅስ ካለ ከእኔ ጋር ይነጋገር።

በሦስት ሰዓት ሕዝቡ መምጣት ጀመረ። ከሁሉ ፊት የነበሩት በሰፈራችን «ደቂቃ» የምንላቸው፣ በሥራ ዘመናቸው አንድም ባቡር ያላዘገዩ የባቡር ጣቢያ ሹም የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ባነሩን አነበቡ። ሰዓታቸውን አዩ። አውልቀው ጆሮአቸው ላይ አደረጉት፤ ነቀነቁት፤ ደግመው አደመጡት። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው «በሉ ልጆች፣ አልቋል፤ ዘግይተናል» አሉና መንገድ ጀመሩ። እሳቸው ዘግይተናል ካሉ ማን ይከራከራል? ዳቦ ጋጋሪዋ ተመለሰች፤ ጋራዥ ያሉት መካኒኮች ተመለሱ። አንድ ባልና ሚስትማ ማን ለብሶ እስኪጨርስ እንደረፈደባቸው መንገድ ላይ ተጣልተው፣ እስከ ዛሬ አስታራቂ እየተፈለገላቸው ነው። ይህም በከተማው የልማት ሪፖርት ውስጥ ይግባልኝ።

ከተመለሱት አንዷ ታላቅ እህቴ ነበረች። እህቴ በጤና ጣቢያው ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለች አዋላጅ ነርስ ናት። የዚያን ዕለት ከተራዋ ወጥታ ነጭ ጋወኗን እንኳ ሳታወልቅ፣ የምትናገረውን በወረቀት ይዛ ነበር የመጣችው፤ በመጪው ወር ይወልዳሉ ብላ የምትጠብቃቸው አሥራ አራት እናቶች እንዳሉና በየትኛዋ መንገድ እንደሚመጡ የሚያስረዳ አንድ ገጽ። ባነሩን አይታ ጽሕፈቱ የእኔ መሆኑን ለማወቅ ሁለተኛ መስመር ላይ መድረስ አላስፈለጋትም። ቀጥታ ወደ ሱቄ መጣች። እኔ ብሩሾቼን በነጭ ጋዝ ሳጥብ በሩ ላይ ቆማ፣ «ወንድምዓለም፣ እኔ ሳልናገር አንተ መልሱን ጻፍክልኝ?» አለችኝና ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋ ለማያውቁት ደንበኛ የሚሰጥ ዓይነት ሆኗል። ክቡርነትዎ፣ ቀልዱን ላቁመውና፣ አፍሬያለሁ። ከልቤ ነው ያፈርኩት።

3ኛ. ስለ ቃለ ጉባኤው ውበት።

በአዳራሹ የቀሩት ሃያ ሦስት ሰዎች ሲሆኑ አሥራ ዘጠኙ የፋብሪካውን የሥራ ልብስ የለበሱ፣ በፋብሪካው አውቶቡስ የመጡ፣ ፋብሪካው ለአዳራሹ ባበረከተው ወንበር ላይ ተቀምጠው የፋብሪካውን መጠጥ የሚጠጡ ነበሩ። ማንበብ አቅቷቸው አይደለም የቀሩት፤ ስብሰባው ሳያልቅ አትነሱ ተብለው ስለነበር ነው። አንዱ የግድግዳ ጎረቤቴ ነው፤ እጁን ሲያነሳ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ጠፍቶት ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። የእንጀራ ነገር ነውና አልቀየምኩትም።

ውበቱ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ ነው። «በውይይቱ ያልተገኙ ነዋሪዎች በዝምታቸው ድጋፋቸውን ገልጸዋል» ይላል። ዝምታ ወርቅ መሆኑን ከልጅነቴ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ድምፅ መሆኑን ግን ከክቡርነትዎ ቢሮ ነው የተማርኩት። በዚህ አቆጣጠር ከሰፈራችን ጀርባ ባለው መቃብር ያረፉት ሁሉ አንድም ሳይቀር ደግፈውዎታልና፣ እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ።

4ኛ. ስለ ወዳጅነት።

የማዘጋጃ ቤቱ ጀኔሬተር የፋብሪካው ስጦታ ነው። የሚሄዱባት መኪናም እንዲሁ። የሁለቱንም የምስጋና ታፔላ ስለጻፍኩ ነው የማውቀው። በምርጫው ሰሞን በዚያችው መተላለፊያ በእግርዎ መጥተው፣ ጫማዎ አቧራ ለብሶ፣ የእህቴን እጅ ጨብጠው «ለዚህች መንገድ መብራት አስገባለሁ» ብለው ነበር፤ ቃልዎን አክብረዋል። መብራቱ ገብቷል። ፋብሪካው ነው ያስተከለው፤ ፊቱን ወደ ፋብሪካው ግንብ አዙሮ ነው የቆመው፤ ግንቡም አሁን ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዳንድ ምላሱ ያልታረመ ሰው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብሎ ሊተርት ሲል በየጊዜው አፉን የማስይዘው እኔ እንደሆንኩ በዚሁ አጋጣሚ ይወቁልኝ።

ስለ ፋብሪካው ክፉ መናገር አልፈልግም። የሰፈራችን ግማሹ ሰው እንጀራው እዚያ ነው። ፋብሪካ ቦታ ይፈልጋል፤ ሲፈልግ ይጠይቃል፤ ጠያቂ አይወቀስም። ግን እኛ ክቡርነትዎን የመረጥነው እሱ በአንድ ጆሮዎ ሲጠይቅ፣ ሌላውን ጆሮዎን ወደ እኛ መልሰው «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» እንዲሉን ነበር። ፋብሪካውማ ሥራ አስኪያጅ አለው፤ ደመወዝም ይከፈለዋል። ሁለተኛ ሥራ አስኪያጅ ልንጨምርለት ብለን አይደለም ተሰልፈን የዋልነው።

5ኛ. ስለ ዙሪያው።

በመተላለፊያዋ ጤና ጣቢያው በእግር አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር። አሁን ፋብሪካውን ዞሮ፣ የመኪናዎቹን ሚዛን አልፎ፣ በዋናው አስፋልት መምጣት ወደ ሃምሳ ደቂቃ ይወስዳል፤ ሰፈራችን ውስጥ መኪና እንደማይገባ ደግሞ በአቧራማው ጫማዎ ያዩት ነው። ይህን ለአማካሪዎ ሳስረዳ፣ እናቶች አርባ ደቂቃ ቀደም ብለው እንዲነሱ መክረውኛል። ምክሩ ግሩም ነው። እናቶቹ ተስማምተዋል፤ የሚቀረው ሕፃናቱን ማግባባት ብቻ ነው።

እንግዲህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልብኝም፣ ልመናዬ አንድ ነው፦ ውይይቱ እንደገና ይጠራ። ባነሩን ያለ ዋጋ እጽፋለሁ። «እንኳን በሰላም መጣችሁ» የሚለውን አስቀድሜ አደርቀዋለሁ፤ ሌላኛውን ጨርቅ ግን ነጩን ይዤ አዳራሹ ጥግ እቀመጣለሁ። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ፣ ያለውን፣ እንዳለው እጽፈዋለሁ። እስኪደርቅ ሁለት ቀን ይፈጃል። ለሚቸኩል ሰው ሁለት ቀን ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና፣ አብረን ብንጠብቅ አንጎዳም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለጀኔሬተሩ የማያልቅ ነዳጅ እየተመኘሁ፣ ፊት ለፊትዎ ባልቆምም ከበርዎ ላይ በማይጠፋው እጅ ጽሑፌ ሁልጊዜ በአክብሮት እጅ የምነሳዎት፣

የከተማው ታፔላ ጸሐፊ።

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ልሰጥ ስል የሐሙስ ቀትር ነገር ተጨመረብኝ። የዳቦ ጋጋሪዋ ምራት ምጥ ያዛትና እንደ ምክሩ ዙሪያውን ጀመረች፤ ግን ከብረቱ በር አልፋ መራመድ አልቻለችም። ለጭነት መኪና ብቻ እንዲከፍት የታዘዘው የበሩ ጥበቃ በሩን ከፍቶ፣ ጃኬቱን በባዶ ጠርሙስ ሳጥኖች መካከል አንጥፎ አስተኛት፤ እህቴም ከጤና ጣቢያው ሮጣ ደረሰች። ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ጥበቃው «ያለ ፈቃድ በር በመክፈት» ከሥራ ታግዷል። እህቴ ከዚያ ወጥታ ሱቄ መጣች፤ እጇን ታጥባ ሳትጨርስ «ጻፈው» አለችኝ።

አሁን አንድ ችግር ገጥሞናል። አባትየው ልደቷን ሊያስመዘግብ ቢሄድ፣ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ቦታው የፋብሪካው ግቢ ስለሆነ ከዚያ ማረጋገጫ ያምጣ ይላል፤ ፋብሪካው ደግሞ በግቢያችን የሚመረተው ለስላሳ ብቻ ነው ይላል። ምዝገባውን እንደምንም እንጨርሰዋለን። እኔን የቸገረኝ የወደፊቱ ነው፦ ልጅቷ አድጋ ድምፅ ለመስጠት ስትደርስ፣ ወደ ምርጫ ጣቢያው ትሂድ ወይስ እንዳትጉላላ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁን ታነጋግር?