በሙሉ ድምፅ የተቆጠረች እጄ

ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለማኅበራት ኅብረቶች ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በፊርማዬ የተውኩት አቤቱታ እንደተዘጋ ሆኖ፣ እውነቱ ግን በመዝገቡ ውስጥ እንዲቀመጥልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ደቻሳ አብዲሳ የሰሚት ኮንዶሚኒየም ነዋሪና ገርጂ በሚገኝ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጣሪ ነኝ። በዘጠኝ ዓመቴ በማጅራት ገትር ታምሜ መስማት አቆምኩ። ፊደል ቀደም ብዬ ስለቆጠርኩ ይህን ደብዳቤ ያለ ማንም እርዳታ ጽፌዋለሁ። አፌ ቃል ቢያወጣም የምናገረው ለሰው ስለማይገባ በስብሰባ ላይ አልናገርም።

2. እስካለፈው ሰኔ ድረስ የጎሮና ሰሚት መስማት የተሳናቸው ማኅበር ሰብሳቢ ነበርኩ። ሠላሳ ሰባት ነበርን። ማኅበራችን የምሥራቅ ጮራ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ኅብረት አባል ነበር። የኅብረቱ አባላት ማኅበራት እንጂ ሰዎች አይደሉም፤ አሥራ አንድ ማኅበራት በየተወካያቸው አንድ አንድ ድምፅ ይሰጣሉ። ኅብረቱ ትግስት የምትባል የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቀጥሮ ነበር። ከእኛ አንዱ ሐኪም ቤት፣ ፍርድ ቤት ወይም ወረዳ ሲሄድ አብራ የምትሄደው እሷ ነበረች። ሌላ አስተርጓሚ የሚከፍልልን አልነበረም።

3. ባለቤቴ ኢሊሊ ጎበና የተወለደችው ጎሮ ገና እርሻ በነበረበት ጊዜ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ስትወለድም አትሰማም፤ ትምህርት ቤትም አልገባችም። ሃያ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ከእናቷ ከወይዘሮ አሰጋሽ ጋር የምትግባባው ሁለቱ ብቻ በሚያውቋቸው ጥቂት ምልክቶች ነበር፦ ነይ፣ ብይ፣ ውሃ፣ ላም፣ አመመኝ። ቋንቋ ያገኘችው በማኅበራችን ክፍል ውስጥ ነው፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። እስከዚያ ድረስ ስለ ነገ ከማንም ጋር ተነጋግራ አታውቅም ነበር። ከተጋባን በኋላ ግን ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቆመች ማለት ይቻላል።

4. ሰኔ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የኅብረቱ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ትግስት በዚያ ቀን ለሌላ ሥራ ወደ አዳማ ተልካ ነበር። የተሰጠኝ ወረቀት "የደንብ ማሻሻያ" ከማለት ሌላ ዝርዝር አልነበረውም። ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ የኅብረቱን ሰብሳቢ የአቶ አምደሚካኤልን ከንፈር ለማንበብ ሞከርኩ፤ ማይክሮፎኑ አፋቸውን ሸፈነው። በመጨረሻ ምን እየተባለ እንደሆነ ለመጠየቅ ቀኝ እጄን አነሳሁ። ከኋላዬ ያሉት ሁሉ በዚያችው ደቂቃ እጃቸውን ማንሳታቸውን አላየሁም። አቶ አምደሚካኤል አዩኝ፤ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ ጸሐፊውም ጻፈ። ተራ የያዙልኝ መስሎኝ እጄን ከሁሉም በኋላ አወረድኩ። ቀጥሎ ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

5. የጸደቀው ከሃምሳ በታች አባላት ያሉት ማኅበር ከኅብረቱ ይሰናበት የሚል ነበር። ከሃምሳ በታች የነበርነው እኛ ብቻ ነን። ቃለ ጉባኤው "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ይላል፤ ከደጋፊዎቹ ዝርዝር ውስጥ የእኔ ስም አራተኛ ነው።

6. ነሐሴ 9 ቀን ጠዋት፣ በስድስተኛ ወር እርግዝናዋ፣ ኢሊሊ ደም ፈሰሳት። ወይዘሮ አሰጋሽና እኔ ሐኪም ቤት አደረስናት። ለትግስት በስልኬ ጻፍኩላት። መልሷ አሁንም አለ፦ "ደቹዬ፣ አባል ላልሆነ ማኅበር ብሄድ እንደምሰናበት ደብዳቤ ሰጥተውኛል። ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ደሞዝ ነው። ይቅር በለኝ።" አልተቀየምኳትም።

ሚስቴን ከእናቷ ጋር ትቼ በሚኒባስ ገርጂ ወደሚገኘው የኅብረቱ ቢሮ ሄድኩ። ለአቶ አምደሚካኤል የሆነውን በወረቀት ጻፍኩላቸው፤ ለአንድ ሰዓት ብቻ ትግስትን እንዲፈቅዱልኝ ለመንኳቸው። አንብበው በዚያው ወረቀት ጀርባ መለሱልኝ። እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦ "ኅብረቱ የማኅበራት እንጂ የግለሰቦች አይደለም። ጥያቄዎን በማኅበርዎ በኩል ያቅርቡ።" ከሥሩ ፈርመዋል። ማኅበራችንን ካሰናበቱት ሁለት ወር እንኳ አልሞላም ነበር።

7. ስመለስ አልጋዋ ባዶ ነበር። ደሙ አልቆም ብሎ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገብተዋታል። ሴት ልጃችን ሞታ ወጣች፤ የኢሊሊን ሕይወት ለማትረፍም ማህፀኗ ወጣ። በሐኪሞቹ ላይ ቅሬታ የለኝም። ያለ እነሱ ሁለቱንም በቀበርኩ ነበር። ነገር ግን ከመግባቷ በፊት የፈቃድ ወረቀት አቅርበውላት ጣቷን ቀለም አስነክተው አስፈርመዋታል። ወይዘሮ አሰጋሽ የተባሉትን ሰምተዋል፤ "ማህፀን" የሚለው ግን ሁለቱ ከሚያውቋቸው ምልክቶች ውስጥ የለም። እናት ልጃቸውን እያዩ "አመመኝ" የሚለውን ምልክት ደጋግመው ከማሳየት ሌላ ምንም ሊነግሯት አልቻሉም።

ስለ ልጃችን የነገርኳት ዕለቱን ነው። ሌላውን ለመንገር አራት ቀን ፈጀብኝ፤ በአራተኛው ቀን የነገርኳትም ስለሚቀጥለው ልጃችን ማውራት ስለጀመረች ነው። ስጨርስ "ማን ፈቀደ?" አለችኝ።

ጣቷ ላይ የቀረውን ሰማያዊ ቀለም አሳየኋት። ያን ቀን ሌላ መልስ ብሰጣት ኖሮ እያልኩ እስከዛሬ አስባለሁ።

8. መስከረም ላይ ለጽሕፈት ቤትዎ አቤቱታ አቀረብኩ። ጽሕፈት ቤትዎ ኅብረቱን ጠይቆ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ላከልኝ፤ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። በጥቅምት መጨረሻ ሐሚዳ ቤት ተሰበሰብን፤ አባሎቻችን በጠየቁት መሠረት ትግስት ልትተረጉምልን በዕረፍት ቀኗ ተደብቃ መጣች። ሐሚዳ ከእኛው አንዷ ናት፤ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። ትግስት የተጻፈውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመች። ስሜ ላይ ስትደርስም አልዘለለችውም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ኢሊሊም ከመካከላቸው ነበረች።

እጄን ያነሳሁት ለመጠየቅ መሆኑን አስረዳሁ። ኑሪ የሚባለው አባላችን "ታዲያ ያጨበጨብከውስ?" አለኝ። ማጨብጨቤን አስቀድሜ የነገርኳቸው እኔው ነበርኩ።

ኢሊሊ በማግስቱ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ጎሮ ድረስ እየሄድኩ በራፍ ላይ እቆማለሁ። ወይዘሮ አሰጋሽ ያስገቡኛል፤ እሷ ግን እጄን ላነሳ ስል ዓይኗን ትጨፍናለች። ሰሚ ሰው ቢኮራረፍ እንኳ ጆሮው ክፍት ነው። እኛ ዘንድ ዓይን ከተጨፈነ ነገር አለቀ። ባለፈው እሑድ ሃያ ደቂቃ ያህል ፊቷ ቆምኩ። ዓይኗን አልገለጠችም።

9. ኅዳር 18 ቀን አቶ አምደሚካኤል አስጠሩኝ። ሁለት ነገር ብፈርም ማኅበራችን በሌላ ማኅበር ሥር በቅርንጫፍነት ተመልሶ ትግስትም ከማግስቱ ጀምሮ እንደምታገለግለን ገለጹልኝ። አንደኛው አቤቱታዬን መተዌ ነው። ሁለተኛው በሰኔው ጉባኤ እጄን ያነሳሁት ጉዳዩን አውቄና ደግፌ እንደነበር ማረጋገጤ ነው። ሁለተኛው ለምን እንዳስፈለጋቸው ጠየቅኳቸው። "መዝገብ ንጹሕ እንዲሆን" ብለው ጻፉልኝ። የሐሚዳን ሆድ አሰብኩ። ፈረምኩ።

10. ሐሚዳ ከትናንት በስቲያ በቀዶ ሕክምና ወለደች። ትግስት አጠገቧ ነበረች፤ ሐኪሙ የተናገረው ሁሉ ተተርጉሞላታል፤ ፈቃዷን ተጠይቃ፣ ሁለት ጥያቄ ጠይቃ፣ መልስ አግኝታ ነው የፈረመችው። ሕፃኑ ደህና ነው። ልጠይቃት ብሄድ ባለቤቷ ከበር መለሰኝ። የፈረምኩት ወረቀት ቅጂ በኅብረቱ በኩል ለሁሉም አባሎቻችን ተበትኖ ኖሯል። አሁን ራሴ አምኛለሁና የሚጠራጠር የለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ) ውሳኔው እንዲሻር አልጠይቅም። ይህ ደብዳቤም ለኅብረቱ እንዳይደርስ እለምናለሁ፤ ከደረሰ ሠላሳ ስድስት ሰዎች እንደገና አስተርጓሚ ያጣሉ።

ለ) ደብዳቤው በተዘጋው መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ፣ ገቢ የተደረገበት ማኅተም ያረፈበት አንድ ቅጂ እንዲሰጠኝ።

ሐ) ጽሕፈት ቤትዎ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅና ከኅብረቱ ጋር የማይሠራ ሰው ቢኖረው፣ ለአንድ ቀን ጎሮ ወይዘሮ አሰጋሽ ቤት ሄዶ በዚህ ደብዳቤ ያለውን ለኢሊሊ በምልክት እንዲነግርልኝ። እኔ አብሬ አልሄድም። ከኔ እጅ ከሆነ አታይም። ሰውየው እንግዳ ከሆነ ግን፣ ለእንግዳ ዓይን መጨፈን ነውር ነው ብላ ስለምታምን እስከ መጨረሻው ታየዋለች።

መልስ የሚሰጠኝ ከሆነ በጽሑፍ መልእክት እንዲሆን በትሕትና አሳስባለሁ፤ ስልክ ቢደወልልኝ አልሰማም።

ከአክብሮት ሰላምታዬ ጋር፣

(ፊርማ)
ደቻሳ አብዲሳ

አባሪ፦ የአቶ አምደሚካኤል የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ገጽ
ግልባጭ፦ የለም