ለጋሽ አድማሴ የመረጥኳቸው ሦስት ምግብ ቤቶች

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ ወንድሜ ለጋሽ አድማሴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የአሰብ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት አደረጋችሁ? ወገብዎስ ተሻለዎ ወይስ ዛሬም ከወንበር ሲነሡ ጠረጴዛ ይደገፋሉ? እትዬ ወለተሥላሴ ደኅና ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? እኔ፣ ሽባባውና ልጃችን አበባይሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ፍልሰታን ይዘናል። ሽሮ ካለቀብን ግን ወር አልፎናል፣ እንዴት እንደምንጾም እርስዎ ይገምቱት።

እህታችን እናትነሽ በላከችልኝ ደብዳቤ የወደቡ መሥሪያ ቤት ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ሮተርዳም ሊልክዎ እንደሆነ፣ ከመስቀል በኋላም እንደሚነሡ አወቅሁ። ደብዳቤውን ትራም ውስጥ ቆሜ ነበር የማነበው፤ እንባዬን መያዝ አቅቶኝ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ መሐረብ አውጥታ ሰጠችኝ። ወዲያው ደግሞ መሐላዎ ትዝ አለኝና ደስታዬ ቀዘቀዘ። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳለ ሙሽራዋ እኔ ከሽባባው ጋር ጅቡቲ መግባቴ ሲሰማ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ከእንግዲህ ከእጇ እህል ብቀምስ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ» ማለትዎን እናትነሽ ያኔውኑ ጽፋልኛለች። ይኸው ስምንት ዓመት ሆነው። እርስዎን ደግሞ አውቅዎታለሁ፣ አንዴ ከማሉ ማሉ ነው። ስለዚህ ቤቴ ገብተው ይብሉልኝ ብዬ አላስጨንቅዎም። መሐላው ከእጄ እንዳይቀምሱ ነው እንጂ ከፊቴ ተቀምጠው እንዳይበሉ አይከለክልም። እኔም ይህንኑ ይዤ ምግብ ቤት ስመርጥልዎ ሰነበትኩ።

አውሮፕላንዎ የሚያርፈው አምስተርዳም ስለሆነ ከዚያው እንጀምራለን። ከባቡር ጣቢያው ወጥተን ቦዩን ይዘን ጥቂት እንደሄድን አንዲት ጠባብ የፓንኬክ ቤት አለች። ፓንኬክ ማለት ትሪ የሚያህል ስስ ቂጣ ነው፤ በፖም ይጋግሩታል፣ በአይብም ይጋግሩታል፣ ላዩ ላይ ጥቁር ሽሮፕ ያፈሱበታል። ቀላል ምግብ ነው፣ ግን ትኩስ በትኩስ ሲመጣ ከአውሮፕላን የወረደን ሰው ነፍስ ይመልሳል። ደረጃዋ ገደል ስለሆነ ለወገብዎ ስል ምድር ቤት እንቀመጣለን። ብቻ «ስፔክ» የሚል ካዩ እንዳያዙ፤ የአሳማ ሥጋ ነው። ሽባባው በመጣን ሰሞን ሳያውቅ ግማሹን በልቶ፣ ሲነገረው ወጥቶ ቦዩ ዳር አፉን ሲጉመጠመጥ አላፊ አግዳሚው የታመመ መስሎት ከበበው። ሳምንት ሙሉ ራሱን ሲወቅስ ከረመ።

ሮተርዳም ከሥራ ሲወጡ ካተንድሬኽት በሚባለው የወደብ ሰፈር መርከበኞች የሚበሉበትን የቻይና ቤት አሳይዎታለሁ። ይህን ቤት እርስዎ ሳይወዱት አይቀሩም። በመስኮቱ በኩል ክሬኖቹ ዕቃ ሲያራግፉ ይታያሉ፤ ያንን እያዩ ሩዝና በዝንጅብል የተጠበሰ ዓሣ ይበላሉ። ለሁለት ያዘዙት ለአራት ይተርፋል። እዚህ አገር ግን እራት በጊዜ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ማንኪያ ይዟል።

ሌላው የምለምንዎ፣ ሲጨመርልዎ «በቃኝ» እንዳይሉ ነው። እርስዎ ሰው ቤት ሦስቴ ሳይለመኑ እጅዎን የማይታጠቡ ሰው ነዎት። እዚህ ሁለተኛ የሚለምን የለም። በመጀመሪያው ዓመት የሥራ ባልደረቦቼ እራት ጋብዘውኝ፣ ዶሮው ሲመጣ እንደ ወጉ «ጠግቤያለሁ» አልኩ። አስተናጋጁም እሺ ብሎ ይዞት ሄደ። እኔ ቢያንስ አንዴ ይመለሳል ብዬ በሩን በሩን ሳይ አመሸሁ። ክፋት አይደለም፣ የሰውን ቃል እንደተናገረው ነው የሚወስዱት።

ከሁሉ የምኮራበት ግን ዴንሃግ ያለው፣ ከእኛ ሰፈር ከስኪልደርስዋይክ በትራም ሦስት ማቆሚያ የሚርቀው የኢንዶኔዥያ ምግብ ቤት ነው። ምግቡ በትናንሽ ሳህን አሥራ አምስት ዓይነት ሆኖ ይመጣና ጠረጴዛውን ይሞላዋል፤ ሁሉም ከመሐል እያነሣ ይበላል። ሥጋው በኮኮናት ወተት ሲበስል ስለሚውል ቢላ አይፈልግም። ዳጣን የሚያስንቅ የሚያቃጥል ነገርም አላቸው። ረቡዕና ዓርብ ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ የሚመስል ምግብ ስላለ ጾምዎን አይሽሩም። ባለቤቲቱ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰክተው እያንዳንዱን ሳህን ሳያዩ አያስወጡም፤ እንግዳ ምግብ ካስተረፈ ምን ጎደለው ብለው ራሳቸው መጥተው ይጠይቃሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ወዳድ ሰው አይቼ አላውቅም።

እትዬ ወለተሥላሴን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ። አበጋዝን ለፈተናው በርታ በሉልኝ፣ ብዙወርቅን ግንባሯን ሳሙልኝ፤ የጫማ ቁጥሯን ብትልክልኝ እንዳይቆጧት። እናትነሽን ደብዳቤሽ ደርሶኛል በሏት። ሽባባው ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሰላም ይልዎታል። አበባይሽም አጎቴን ሰላም በይልኝ ብላለች፤ እዚህ አገር ስላደገች «አንተ» ብትልዎ አይቀየሟት።

እዚህ ድረስ ጽፌ ፖስታውን ካሸግሁት በኋላ እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ጠዋት ቀድጄ ከፈትኩት። ጋሼ፣ ያ የዴንሃጉ ምግብ ቤት እኔ የምሠራበት ነው። ሳህን አጣቢ ሆኜ ገብቼ፣ ከካቻምና ወዲህ ወጥ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሳልነግርዎ አብልቼዎ፣ ጣፈጠኝ ሲሉ ሰምቼ፣ ከዚያ በኋላ ልነግርዎ አስቤ ነበር። በአባታችን አጥንት ያሉትን ሳያውቁ ማስፈረስ ግን አንዴ ካዋረድኩዎ የባሰ ሆነብኝ። ማክሰኞ የዕረፍት ቀኔ ነው፤ የሚያበስለው ሌላ ሰው ስለሆነ ከጎንዎ ተቀምጬ አብሬዎ እበላለሁ፣ መሐላዎም አይነካም። ሐሙስ ከጠዋት እስከ ማታ ምድጃው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ቀኑን እርስዎ ይቁረጡ። የዚያን ጊዜ የቆረጡልኝን ቀን ጥዬ ሄድኩ፤ ይህኛውን ግን ማንኛውም ቢሆን እጠብቃለሁ።

እህትዎ ድንቅነሽ
ዴንሃግ፣ ሆላንድ
ነሐሴ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.