የአራስ ምራቅ

ኖቬምበር 4፣ ሰኞ

መብራት የለም። ጄኔሬተሩም ናፍጣ ጨርሷል ተባለ። ሦስተኛ ዓመቶቹን እንደ ድሮው በጠመኔ አስተማርኩ። ስለ ድባቴ። ኮርቲሶል፣ ከምራቅ የሚለካው ሆርሞን፣ ጠዋት ስንነቃ እንዴት እንደሚጨምር፣ ድባቴ የያዘው ሰው ላይ ደግሞ እንዴት እንደሚዛባ... ሁሌ የምለውን አልኳቸው፦ "ሰው ደህና ነኝ ብሎ ይዋሻል። ሆርሞን አይዋሽም።" ሁሉም ጻፉት። አንዱ ከኋላ፣ "ፕሮፍ፣ የሚስቴን ምራቅ ላምጣ?" አለ። "መጀመሪያ ሚስቲቱን አምጣ!" ብለው አሾፉበት።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ጋ ሄድኩ፣ አባክፓ ሰፈር። ኡዞ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ። ባለቤቴ ንዋማካ ብትኖር ኦሙግዎው፣ አራስ መጠየቁና ማረሱ፣ የሷ ነበር... የልጇን ሆድ በፍል ጨርቅ ማሸት፣ የበርበሬ ሾርባውን መሥራት፣ ሕፃኑን ማጠብ። ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ስለዚህ የኡዞ ባል የዲኬ እናት፣ ማማ ዲኬ፣ ከመንደር መጥተው አራሷን ይዘዋል። ጎበዝ ናቸው። ቤቱ ያበራል።

ኡዞ ግን አልሳቀችም። "ደክሞኛል ነው፣ ፓፓ።" የወለደች ሴት ይደክማታል... ይሄ ምን ይገርማል?

ምራቋን የምትሰጥበት ሁለት ብልቃጥ ትቼላት መጣሁ። አንዱን ስትነቃ፣ ሌላውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ። በምራቅ የማካሂደው የአራሶች ጥናት ውስጥ የራሴን ልጅ ማስገባት እንደማይቻል አውቃለሁ። አላስገባኋትም። ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይለካ እንጂ ውጤቱ ለራሴ ነው። ልቤ እንዲያርፍ።

ኖቬምበር 6

ማማ ዲኬ ብልቃጦቹን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በበረዶ አድርገው ላኩልኝ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከተማሪዎቼም አላየሁ።

ኖቬምበር 10፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ኡዞ ጋ። ዲኬ የለም፣ ሥራው ፖርት ሃርኮርት ነው፣ በአስራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው።

የእናቷን ቀይ ዶቃ ከሣጥን አውጥታ እጄ ላይ አደረገችው። "አንተ ጋ ይቀመጥ።"

"ለምን?"

"እዚህ ይጠፋል።"

ኪሴ ከተትኩት። ስወጣ ደግሞ ሕፃኑን እያየች፦ "ካምሲ ማማን ለምዷቸዋል አይደል? እኔ ባልኖርም አያለቅስም።" "ጡቱንስ ማማ ይሰጡታል?" ብዬ ቀለድኩባት። ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ደስ አላለኝም። ደግሞ እንደ ሙያዬ ሁሉንም ሰው ታማሚ አድርጌ ማየት አበዛሁ እንዴ? ውጤቱ ይምጣ።

ኖቬምበር 14፣ ሐሙስ

መጣ! ኮርቲሶሏ የመጽሐፍ ምሳሌ ነው የሚመስለው። ጠዋት ከፍ ይላል፣ በሰዓቱ። እኔ እኮ ሰግቼ ነበር። ኦቢያጌሊ፣ የዶክትሬት ተማሪዬ፣ ላቦራቶሪውን የምትመራው እሷ ናት፣ "ፕሮፍ ዛሬ ምን አገኘ፣ ያፏጫል" አለችኝ። ሌላውንም ሆርሞን እንደ አራሶቹ ሁሉ ትለካዋለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት። ግድ የለም፣ የምፈልገውን አግኝቻለሁ። ማማ ዲኬ ይባረኩ።

ኖቬምበር 16

ኡዞ ስልክ አታነሳም። ማማ ዲኬ አነሱና "ተኝታለች" አሉ። ትተኛ።

ኖቬምበር 19፣ ማክሰኞ

ኡዞ አጠገቤ ናት። በሕይወት አለች።

ጠዋት ኦቢያጌሊ ቢሮዬ ገብታ በሩን ዘጋች። "ፕሮፍ፣ ያቺ ምራቋን ያመጡላት ሴት ስንት ዓመቷ ነው?"

"ሃያ ዘጠኝ።"

"አይደለችም።"

ዲኤችኢኤ ከወጣትነት በኋላ እየቀነሰ የሚሄድ ሆርሞን ነው። ብልቃጦቹ ውስጥ የነበረው የስልሳ ምናምን ዓመት ሴት ልክ ነው። ሁለቴ ደግማዋለች። ማሽኑ ተበላሽቷል አልኳት። ተቆጣኋት እንዲያውም። እሷ የተረፈውን ምራቅ ከማቀዝቀዣ አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን አሳየችኝ። ወደ ቡኒ ይላል። ሱረት። ኡዞ በሕይወቷ ሱረት ነክታ አታውቅም። እዚያ ቤት ሱረት የሚስቡት...

መኪናውን እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም።

ማማ ዲኬ ግቢ ውስጥ የሕፃን ጨርቅ ያጥባሉ።

"ማማ፣ ብልቃጡ ውስጥ የማን ምራቅ ነው?"

"የኔ ነዋ።" አላፈሩም፣ አልደነገጡም። "የአራስ ምራቅ ታሽጎ ከተማ ለከተማ ይዞራል እንዴ፣ አማቼ? ማን እጅ እንደሚገባ በምን ታውቃለህ? ትናንት የወለደች ልጅ! የኔን ሰጠሁህ። እኔ አርጅቻለሁ፣ ቢያስደግሙብኝስ ምን ይቀርብኛል?"

"እሷ የት ናት?"

"ክፍሏ። ዛሬ እንኳ ደህና ናት፣ ተነስታ ልብሷን ሁሉ አጣጥፋለች። ለእህቶቿ ይሰጥልኝ ብላ በየስማቸው ለየችው።"

ኪሴን ዳሰስኩ። ዶቃው እኮ እስካሁን ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው! ንብረቱን የሚያድል ሰው ምን እያለ እንደሆነ በየዓመቱ የማስተምረው እኔ ነኝ። ፈተና ላይም አወጣዋለሁ።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ጫማዋን አድርጋለች። ካምሲ ተኝቷል። መሬት ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ለተማሪ ቀላል ነው፣ በግልጽ ጠይቁ፣ አታድበስብሱ እላለሁ። ለልጅ ግን... ጠየቅኳት።

"ኡዞ፣ ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?"

ካምሲን አየችው። "ማን ነገረህ?"

"ማንም።"

"ዛሬ ነበር" አለች። "ማማ ገበያ ሲሄዱ።" ከዚያ ደግሞ፦ "ጡቴን ሲይዝ ምንም አይሰማኝም፣ ፓፓ። የሌላ ሰው ልጅ ነው የሚመስለኝ። እሱ የተሻለ እናት ይገባዋል።"

አቀፍኳት። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፣ ያ ነው የባሰው።

ኖቬምበር 20

ሆስፒታል አደርን። ዶክተር ንዋካኤጎ ራሷ መጣች፣ የአእምሮ ሐኪም ናት፣ አብረን ነው የተማርነው። መድኃኒት ጀመረችላት፣ ለብቻዋ ለደቂቃ እንዳትቀር አለች። ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ያዘችኝ። "ፊቷን አላየህም?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ?"

ፊቷን አይቼ ምራቅ ጠበቅኩ።

ኖቬምበር 23

ዲኬ መጥቷል። ሲያለቅስ ዋለ። ማማ ዲኬ ደግሞ ምግብ አልበላም ብለው ግድግዳ ደግፈው፣ "ገድያት ነበር፣ ገድያት ነበር" ይላሉ። ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር፣ እውነቴን ነው። መቆጣት አቃተኝ። አሮጊቷ ክፉ ነገር ከመጣ በኔ ይሁን ነው ያሉት። ሆርሞኑም አልዋሸኝም። ማማ ዲኬ ደህና ናቸው ብሎ በትክክል ነገረኝ።

ኖቬምበር 26

ኦቢያጌሊ የአራሶቹን ብልቃጦች ሁሉ አንድ በአንድ አየች። እናት ወይ አማት ከመጣችላቸው ውስጥ ብዙዎቹ... የአያቶች ምራቅ ነው። ኦሙግዎ የተደረገላት ሴት ኮርቲሶሏ የተረጋጋ ነው ብዬ ልናገር ነበር፣ በሚቀጥለው ወር፣ አክራ ጉባኤ ላይ። ዛሬ ለአዘጋጆቹ ጽፌ ሰረዝኩት። ሁለት ዓመት ሥራ! ግን ስንቷ አራስ ናት ደህና ነሽ ብለን ያሰናበትናት? ነገ ከኦቢያጌሊ ጋር ቤት ለቤት እንጀምራለን። ያለ ብልቃጥ።

ኖቬምበር 28

ኡዞ ከሆስፒታል ወጣች። እኔም ሻንጣዬን ይዤ አባክፓ ገባሁ። ማማ ዲኬ ብቻቸውን ቀንና ሌሊት አይችሉም። ወንድሜ ሰምቶ ደወለ። "ወንድ ልጅ ኦሙግዎ? ጡትም ልታጠባ ነው እንዴ?" ሳቀ፣ ሳቀ። "ወተት ቢኖረኝ አጠባ ነበር" አልኩት።

ማማ ዲኬ ፍል ጨርቅ አያያዜን አይተው ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "እንደሱ ከያዝከው የራስህን ጣት ነው የምትቀቅለው፣ ፕሮፌሰር። ስጠኝ!"

ዲሴምበር 2፣ ሰኞ

ሦስተኛ ዓመቶቹን፣ "ያቺን ሆርሞን አይዋሽም የምትለዋን ሰርዟት" አልኳቸው። "ለምን፣ ፕሮፍ? ፈተና ላይ አትመጣም?" ስለ አንዲት አራስ ነገርኳቸው። ብልቃጡ የሌላ ሰው ነበር አልኩ። "የሴትዮዋ ቤተሰቦች ግን ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ አያዩዋትም?" አለች አንዷ። ልጄ ናት አልኳት።

ዲሴምበር 7

በየጠዋቱ እጠይቃታለሁ። ያንኑ ጥያቄ፣ በግልጽ። ትናንት "አዎ።" ዛሬ "ትንሽ።" መድኃኒቱ ጊዜ ይፈልጋል፣ አውቃለሁ። ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ዲሴምበር 12

ካምሲን ለማጠብ ተነሳች። ግማሽ አጥባው ለማማ ዲኬ ሰጠቻቸው። ግማሽም ቢሆን።

ዲሴምበር 19፣ ሐሙስ

ሃርማታን፣ የበረሃው ነፋስ፣ ገብቷል፣ ሁሉም ነገር አቧራ ነው። ጠዋት ሾርባውን እኔ ሠራሁ፣ ማማ ዲኬ ጉልበታቸውን አሟቸው ተኝተዋል። ኡዞ ካምሲን እያጠባች ወጥ ቤት መጣች። እኔ ከድስቱ ጋር እታገላለሁ።

"ዛሬ አልጠየቅከኝም" አለች።

እውነትም። ረስቼው ነበር። ማንኪያውን አስቀምጬ ዞርኩ።

"አስበሻል?"

"ዛሬ አላሰብኩም። ሰኞ አስቤ ነበር። ዛሬ ግን አላሰብኩም።"

ዓይኗን አየሁት፣ ደህና አድርጌ። አመንኳት። ሳህኑን ሰጠኋት፣ አንዴ ቀመሰችና ጨው አብዝተህበታል ብላ መለሰችልኝ።